ድምፅን መመጠን ማፈን አይደለም

የማኅበራችን የፊልም ኮሚቴ በአብነት በተከራየው አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ፊልም ማሳየት ከጀመረ እነሆ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። አሳቡ ሲጠነሰስ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ለጨዋታና ለክርክር እንዲሆን ታስቦ ነበር። የሕግ ተማሪው ከሕክምና ተማሪው ጋር፥ መምህሩ ከተማሪው ጋር፥ የሰፈሩም ነዋሪ ከሁላችን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲነጋገር፤ ዝምታው እንዳይከብድም ከበስተኋላ ለስለስ ያለ ዘፈን እንዲሰማ ተባለ። ዘፈኑ ለጨዋታው ማጣፈጫ ይሁን ተባለ እንጂ ወጡ ራሱ ይሁን ያለ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። አንዱ አፉን ከሌላው ጆሮ አስጠግቶ ይጮኻል፤ ሌላው ያልሰማውን እንደ ሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ የቀረው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ጨው ቢጣፍጥም ሲበዛ ወጡን ያስደፋል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት በአዳራሹ የነበራችሁ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለዚያ ምሽት የተመረጠው ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነበር። ይህ ፊልም በ1968 ዓ.ም. ለዓለም የቀረበ፥ በጥቁርና ነጭ የተነሣ፥ በአንድ ባለ ርስት ሥር የሚማቅቅን የገበሬ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚያሳይ ሥራ ነው። ፊልሙ ሳይጀመር ዘፈኑ ከልክ በላይ ስለ ጮኸ ከጎረቤት አንዲት እናት እስከ በሩ ድረስ መጥተው፥ «ልጆቼ፥ ቤታችን የታመመ ሰው አለ፤ እባካችሁ» ብለው ለመኑ። በር ላይ የቆመው ጓደኛችን ወደ ማሽን ክፍሉ ሮጦ ነገረ፤ መሣሪያውን የያዘውም ደንግጦ ዋናውን የድምፅ ቁልፍ ከ7 ወደ 4 አወረደው። ዘፈኑ በረደ፤ እናታችንም መርቀው ተመለሱ።

ነገር ግን ፊልሙ ሲጀመር ቁልፉ እዚያው 4 ላይ ነበር። ገበሬው ይናገራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን ከፊተኞቹ ረድፎች አያልፍም። «ድምፅ! ድምፅ!» ተብሎ ቢጮኽ በማሽን ክፍሉ ያለው ሰው ጩኸቱን ከቀድሞው ስሞታ ጋር አደባልቆ ጭራሽ ለመጨመር ፈራ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የተቀመጡት እየተነሡ ወጡ። ሰሚ ያጣ ሕዝብ ታሪክ የሚነገርበት ፊልም በእኛ አዳራሽ ሰሚ አጥቶ አለፈ።

ጥፋቱ የማን ነው? የመሣሪያው ያዥ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። እርሱ የሚያውቀው አንድ ቁልፍ ነበር፤ እርሱኑ ነካ። ሌላ ቁልፍ መኖሩን ያላሳየነው እኛ ነን። ይህን ጋዜጣ የምናዘጋጀውም ሰዎች ከኮሚቴው ጋር በአንድ ጠረጴዛ የምንቀመጥ ነንና ከወቀሳው ራሳችንን አናወጣም።

አሁን ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ አሳብ ቀርቧል። ይኸውም «ንግግሩ አልተሰማምና ከማኅበሩ ገንዘብ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ተጨማሪ ይገዙ» የሚል ነው። እኛ ይህን አሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ገንዘብ ስለ ሳሳን ሳይሆን በሽታውና መድኃኒቱ ስላልተገናኙ ነው። ንግግሩ ያልተሰማው ስፒከር አንሶን አይደለም፤ ዘፈኑ ያለ ልክ ስለ ጮኸና የዘፈኑ ጥፋት በፊልሙ ላይ ስለ ተቀጣ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ብንጨምር የሚያተርፍልን ይበልጥ የሚጮኽ ዘፈንና ይበልጥ የሚደነግጥ ጓደኛ ብቻ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። የሲኒማ ድምፅ ማቀናበሪያ መሣሪያ፥ ዶልቢ የተባለው ኩባንያ ባስለመደው አሠራር፥ ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ ዋና ቁልፍ አለው። ከነዚህ ቁጥሮች መካከል 7 ልዩ ቦታ ተሰጥቶታል። ባለሙያ አዳራሹን ሲያስተካክል ቁልፉን 7 ላይ አድርጎ እንደ ፏፏቴ የሚሰማ የመለኪያ ድምፅ ከስክሪኑ ኋላ ካሉት ስፒከሮች በየተራ ይለቃል። ከዚያም ከአዳራሹ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ያህል ወደ ኋላ ሄዶ በመቀመጫዎቹ መካከል ይለካና 85 ዴሲቤል እንዲመጣ ያደርጋል። ዛሬ ለሲኒማ የሚሠራ ፊልም የሚቀነባበርበትም ክፍል በዚሁ ልክ የተስተካከለ ነው። እንግዲህ 7 ማለት፥ የፊልሙ አዘጋጅ በሥራ ክፍሉ የሰማውን ያህል እኛም በአብነት እንሰማለን የሚል ውል ነው። ከዚህ ልማድ በፊት የተሠሩት ፊልሞች ግን አስቀድመው በጆሮ መሞከር አለባቸው።

በዚህ ቁልፍ ላይ ከ4 እስከ 10 ባለው ክፍል አንድ ቁጥር ማለት 3.3 ዴሲቤል ያህል ነው። ስለዚህ ከ7 ወደ 4 መውረድ 10 ዴሲቤል መቀነስ ነው። በ10 ዴሲቤል የቀነሰ ድምፅ ለሰው ጆሮ በግምት እኩሌታው ሆኖ ይሰማል፤ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ኀይል ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጓደኛችን በዚያች ምሽት በአንድ ጣቱ ያደረገው ይህን ነበር።

ዘፈኑስ? ዘፈን ከማጫወቻው ወደ መሣሪያው የሚገባው በፊልሙ መንገድ አይደለም። ለብቻው መግቢያ፥ ለብቻውም የሚስተካከል መጠን አለው። ይህ መጠን በአንዳንዱ መሣሪያ በትንሽ መፍቻ የሚዞር ሲሆን፥ በአዲሶቹ ደግሞ በመስኮቱ ላይ በሚታይ ቁጥር ይስተካከላል። እንዲህ የተለየውም በከንቱ አይደለም። በዛሬ ጊዜ የሚወጣ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጣራው አጠገብ ተጨምቆ የሚቀረጽ ነው፤ ፊልም ግን ለነጐድጓዱና ለፍንዳታው ቦታ ትቶ ንግግሩን ዝቅ አድርጎ ያኖራል። ሁለቱ ሳይመጣጠኑ በአንድ ቁልፍ ቢለቀቁ ዘፈኑ ከፊልሙ ንግግር በ15 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። ዘፈኑን ለማብረድ ብሎ ዋናውን ቁልፍ መንካት፥ በአንድ ቤት ውሃ ፈሰሰ ብሎ የሰፈሩን ዋና ቧንቧ እንደ መዝጋት ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ዋናው ቁልፍ 7 ላይ ይቀመጥ። ዘወትር ከምናጫውታቸው ዘፈኖች መካከል እጅግ የሚጮኸው ይለቀቅ። አንድ ሰው ከማሽን ክፍሉ ወጥቶ በመቀመጫዎቹ መካከል ይቁም፤ በማሽን ክፍሉ መስኮት በኩል የሚሰማው ድምፅ የአዳራሹን እውነት አይናገርምና። ከዚያም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሡ እስኪግባቡ ድረስ የዘፈኑ መግቢያ ብቻ ዝቅ ይበል። በአንድ ሜትር ርቀት የሚነጋገር ሰው ድምፅ 60 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ዘፈኑ ከዚህ በታች ካልሆነ የበስተኋላ ዘፈን ሊባል አይገባውም። የተገኘው ልክ በወረቀት ተጽፎ ከመሣሪያው አጠገብ ይለጠፍ። ከዚያ ወዲያ በዘፈኑም ጊዜ ቁልፉ 7፥ በፊልሙም ጊዜ 7 ነው፤ ዘፈኑ በራሱ መግቢያ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ መብራቱም ይጠፋል፤ ፊልሙ በተገባው ውል ይጀመራል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፥ ባዶ አዳራሽና የሞላ አዳራሽ አንድ አለመሆናቸው ነው። የሰው ገላና ልብስ ድምፅን ይመጥጣል፤ የሰውም ወሬ በበኩሉ ይጨምራል። ስለዚህ ባዶ አዳራሽ የተገኘው ልክ ሰው ገብቶ ሳለ እንደገና መታየት አለበት። ሁለተኛው፥ ዘፈኖች እርስ በርሳቸው እኩል አይደሉም። ከሸክላ የተቀዳ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈንና ትናንት የወጣ ዘፈን በአንድ ቁልፍ ሲለቀቁ አንዱ ይንሾካሾካል፥ አንዱ ይደነፋል። አጫዋቹ ዘፈኖቹን አስቀድሞ ሰምቶ ቢያመጣጥናቸው በምሽቱ ከቁልፍ ጋር ግብግብ አይገጥምም።

ሰው በመጮኹ ዘፈኑ ይጨመር የሚባለውም ስሕተት ነው። ኤትየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፥ ሰው በጫጫታ መካከል ሲሆን ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1911 አሳይቷል። በአዳራሻችን የሚሆነው ይኸው ነው። ዘፈኑ ስለ ጮኸ ሰው ይጮኻል፤ ሰው ስለ ጮኸ አጫዋቹ ዘፈኑን ይጨምራል፤ ሰውም ደግሞ ይጨምራል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣን አስቀድሞ ዝቅ ያለው ወገን ነው። ሕዝቡን «ዝም በል» ከማለት ይልቅ ቁልፉን ማውረድ ይቀላል።

ፊልም ድምፅ አልባ በነበረበት ዘመን በየሲኒማ ቤቱ ሙዚቃ የሚመታ ሰው ይቀመጥ ነበር። ያ ሰው ስክሪኑንም ሕዝቡንም እያየ ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1927 ወዲህ ፊልም መናገር ሲጀምር ሙዚቀኛው ከቦታው ተነሣ፤ በምትኩ ቁልፍ ተተከለ። ቁልፍ ግን ዓይን የለውም። በሩ ላይ የቆሙትን እናት አያይም፤ ጆሮው የሚደክምበትን ጓደኛችንን አያይም። ስለዚህ የሚያይ ሰው ያሻዋል።

የጤናውንም ነገር ቸል አንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ልክ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። በዚህ ስሌት 95 ዴሲቤል ላይ ሲደረስ የሳምንቱ ድርሻ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ወጣትነት ለዚህ ዋስ አይሆንም። የሀገራችንም ደንብ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር የወሰነው የድምፅ ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በአብነት ደግሞ የእኛ ግድግዳ የሰው ግድግዳ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የሚያጠና ተማሪ፥ ማለዳ ለገበያ የሚነሣ ነጋዴ፥ የታመመ ሰው አለ። ስለ ሕዝብ መብት በየስብሰባው የምንናገር ሰዎች የአንድ ጎረቤት እንቅልፍ ከቁጥር የማይገባ ከመሰለን ንግግራችን ከምኑ ላይ ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቋንቋው ነገር ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም በ1957 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ሕዝባችን በሲኒማ የራሱን ቋንቋ መስማት ለምዷል። አማርኛ ደግሞ በጆሮ ካልሆነ የማይሞላ ቋንቋ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል፥ «ገና» ሲባል በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰው፥ የሚለየው ጆሮ ነው። «ይበላል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሲላላ ሰውዬው በላተኛ ነው፤ ሲጠብቅ ተበይ ነው። ስለ ባለ ርስትና ስለ ጭሰኛ በሚናገር ፊልም ይህ ልዩነት ቀላል ነገር ነውን? ቁልፉ 4 ላይ ሲቀር የጠፋብን እንዲህ ያለው ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ብዙ ጓደኞች አሉን፤ ጆሮአቸው የደከመም አሉ። እነርሱ ከእኛ ቀድመው ይጎዳሉ፤ አፍረውም ዝም ይላሉ።

አሁን የተቃራኒዎቻችንን አሳብ በቅንነት እንስማ። አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «ዘፈኑ ከቀዘቀዘ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ ወጣት የሚመጣው ሞቅ ሲል ነው፤ ድምፅ ቀንሱ ማለት እኛን ማፈን ነው» ይላሉ። ዘፈን የሚወድ ሰው ቅር እንዲለው አንሻም። በዓመቱ መጨረሻ የሚደረገው የጭፈራ ምሽት አለ፤ ያን ጊዜ ጎረቤትን አስቀድሞ አስፈቅዶ፥ ሰዓቱን ወስኖ፥ ጆሮንም ጠብቆ መጨፈር ይቻላል። ግን የጭፈራው ምሽትና የጨዋታው ግማሽ ሰዓት ለየብቻቸው ናቸው። ማፈን ማለት የሌላውን ድምፅ እንዳይሰማ ማድረግ ከሆነ ደግሞ፥ በአሁኑ አሠራራችን የሚያፍነው ማን ነው? ሁለት መቶ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ ቃሉ የማይሰማበት ክፍል የታፈነ ክፍል አይደለምን? ሙቀትስ ቢሆን ከሰው ጨዋታ ይመጣል እንጂ ከስፒከር ብቻ ይመጣልን? ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የተሰበሰበበትን ቤት ማን ቀዝቃዛ ነው ይለዋል?

ሌሎች ደግሞ፥ «ተማሪው በዳቦና በማደሪያ እጦት ሲንገላታ ስለ ዘፈን ቁልፍ ርእሰ አንቀጽ ይጻፋልን?» ይሉን ይሆናል። ይህ ጥያቄ ያሳስበናል፤ በንቀት አናልፈውም። ነገር ግን እንጠይቃቸው፤ ስለ ዳቦውና ስለ ማደሪያው ሳንፈራና ሳንቸኩል፥ መምህሩም ተማሪውም በአንድ ወንበር ተቀምጠን የምንነጋገርበት ቦታ የት ነው? ያ የቅዳሜ ግማሽ ሰዓት አልነበረምን? ባለፈው ዓመት በመጽሐፍ ውሰት ሰዓት ላይ የቀረበው አቤቱታ የተረቀቀው በዚያው አዳራሽ፥ ፊልሙ ሳይጀመር፥ በስድስት ሰዎች ጨዋታ መካከል ነው። በዛሬው ጩኸት እነዚያ ስድስት ሰዎች ቢገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይለያዩ ነበር። ስለዚህ ስለ ቁልፉ የምንጽፈው ዳቦውን ረስተን አይደለም። ስለ ዳቦው የምንነጋገርበት ቦታ ስለ ጠፋብን ነው።

እንግዲህ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ስፒከር የመግዛቱ ጉዳይ ይቆይ። ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ተነሥቶ ባለሙያ መጥቶ አዳራሹን በመለኪያ ያስተካክል፤ የዘፈኑን መግቢያም ለብቻው ይመጥን። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ከኋላ ረድፍ ካልተሰማ እኛው ራሳችን ስለ ስፒከሩ እጃችንን እናነሣለን።

ሁለተኛ፤ መሣሪያውን የሚይዙ ሦስት አባሎች ተመርጠው ከባለሙያው ይማሩ። በየቅዳሜው አንዱ በማሽን ክፍሉ ሲሆን ሌላው በመቀመጫዎቹ መካከል ይቀመጥ። በመካከላቸው የሚግባቡበት ምልክት ይኑር፤ በጩኸት የሚተላለፍ ትእዛዝ ይቅር።

ሦስተኛ፤ በማሽን ክፍሉ አንድ ደብተር ይቀመጥ። የፊልሙ ስም፥ ቁልፉ የነበረበት ቁጥር፥ የዘፈኑ ልክ፥ የቀረበ ስሞታም ካለ ይጻፍበት። በስልክ የሚለካ የድምፅ መጠን ከእውነተኛው መለኪያ ጋር በትክክል ባይስማማም፥ ሁልጊዜ በአንድ ስልክ ከአንድ ቦታ ከተለካ ያለፈውን ሳምንት ከዘንድሮው ሳምንት ለማነጻጸር ይረዳል።

አራተኛ፤ ኮሚቴው ወደ እኒያ እናት ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ሕመምተኛውንም ይጠይቅ። ከእንግዲህ ስሞታ ያለው ጎረቤት ለማን እንደሚናገር ስሙ ይነገራቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ከአራቱ ሁሉ በፊት መደረግ ይገባዋል።

አምስተኛ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በድጋሚ ይታይ፤ በዚያ ምሽት ትኬት ለያዘ ሁሉ በነጻ ይሁን። ገበሬው የተናገረውን ሳንሰማ ፊልሙን አይተናል ልንል አንችልም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ስለ ድምፅ የሚያስተምሩ፥ ስለ ጆሮ የሚያስተምሩ፥ ስለ ሕንጻም የሚያስተምሩ ከመካከላችሁ አሉ። ተማሪ በክፍል የተማረውን በአንድ አዳራሽ ላይ ሲሞክረው መጥታችሁ ብትመለከቱ፥ ስንሳሳትም ብታርሙን፥ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ሰፈር ገባ ማለት ነው።

አብነት ማለት በቋንቋችን አርአያ ማለት ነው፤ መድኃኒትም ማለት ነው። አባቶቻችን የሚማሩበትን ቤት የአብነት ትምህርት ቤት ብለው ጠሩት። በዚያ ቤት ልጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኸው ያነባሉ፤ የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ይሰማሉ። እኛ በዚህ ስም በተጠራ ሰፈር ተቀምጠን፥ ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዘን፥ የጎን ጓደኛችንን መስማት ካቃተን ከስሙ ምን ተካፈልን?

ለመሰማት የሚጮኽ ማኅበር አስቀድሞ መስማት ይልመድ። ስብሰባው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ዘፈን አይኖርም፤ ሁላችሁም ኑና ተናገሩ።